የጋሽ ተክሌ ቁርስ

ቱሉ ዲምቱ፣ ጋሽ ተክሌ በሚኖሩበት ብሎክ፣ በሁዳዴ ዓርብ ጾሙ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላለችም። ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ያልቃል፤ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ያሰናብታል፤ የሌላው ብሎክ ምእመን በሰላም ገብቶ ሽሮውን ይበላል። የጋሽ ተክሌ ብሎክ ምእመን ግን በሰላም ገብቶ ይቀመጣል። ሁለቱን ሰዓት የጨመሩት ጋሽ ተክሌ ናቸው።

ማንንም አስገድደው አይደለም። ኮንዶሚኒየሙ አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ ከየሰፈሩ ዕጣ ደርሶት የመጣው ሰው እንዲተዋወቅ ተብሎ፣ በሁዳዴ ዓርብ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ በጋራ መጠቀሚያ ቤቱ አብሮ መብላት ተጀመረ። አንዱ ምስር፣ አንዱ ጎመን፣ አንዱ ሱፍ ፍትፍት ይዞ ይመጣል። ማዕዱን የሚባርኩት በዕድሜ ትልቁ ጋሽ ተክሌ ናቸው። እሳቸው ታዲያ መቁጠሪያቸውን ይዘው አግዳሚው ራስ ላይ ይቀመጡና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት እያዩ ዝም ይላሉ። ሽማግሌ ሳይባርክ እጁን የሚሰድ የለም። ምስሩ ይቀዘቅዛል፣ እንጀራው ዳር ዳሩ ይደርቃል፣ የሰው ሆድ ይጮሃል። ሰዓቱ አሥራ አንድ ሲል ጋሽ ተክሌ ይነሳሉ።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን በሳይረን ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖረው፣ ሲወጡ ሳይረኑን ይዘውት የወጡ ይመስላል። ጠዋት ደረጃው ላይ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቃሉ።

«ዘንድሮ እስከ ስንት ሰዓት ነው?»

«እስከ ዘጠኝ ነው ጋሼ።»

«ጥሩ ነው። ለጀማሪ ጥሩ ነው።»

ክፉ ሰው አይደሉም። የታመመ ይጠይቃሉ፣ ለቅሶ አይቀሩም፣ የጎረቤት ውኃ ቢፈስ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ግን ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ልጆቻቸው በየፊናቸው ሄደዋል፣ በስማቸው ላይ የቀረ ማዕረግ አንድ ብቻ ነበር፦ እስከ አሥራ አንድ የሚጾሙት። እሱን እንዲነኩባቸው አይፈልጉም።

ዘንድሮ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ቀን፣ ቅዳሴ ላይ ቆመው ሳለ መቋሚያቸው ከእጃቸው አመለጠ። ቀጥሎ እሳቸው ወደቁ።

ቀድማ የደረሰችው እድላዊት ነበረች። እድላዊት ከእሳቸው በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የወረዳ ሠራተኛ ናት፤ የዓመት ፈቃዷን በሙሉ ለሁዳዴ ነው የምታስቀምጠው። ጋሽ ተክሌን እንደ አባት፣ ከአባትም ትንሽ ከፍ አድርጋ ታያለች። ተንበርክካ ፊታቸውን አየችና ወደ ከበባት ሰው ቀና ብላ፣ «ተመስጦ ነው፤ አትንኳቸው» አለች።

ሰዉ በአክብሮት ወደ ኋላ አለ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አለበሷቸው። ከሴቶቹ በኩል እየተጋፉ የመጡት ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰጋሽ ባይደርሱ ኖሮ ተመስጦው በዚያው ይቀር ነበር።

«ምን ተመስጦ! ስኳሩ ነው! ጣፋጭ ነገር ስጡኝ፣ ቶሎ በሉ!»

ጤና ጣቢያ ነርሷ መረመረቻቸው። የስኳር መድኃኒታቸውን በባዶ ሆድ ስለሚውጡ ስኳራቸው ከልክ በላይ መውረዱን ነገረቻቸው።

«መድኃኒቱን ከቁርስ ጋር ይውሰዱ አልተባሉም አባባ?»

«ሁዳዴ ላይ ቁርስ የለማ።»

«መድኃኒቱ ሁዳዴ መሆኑን አያውቅም።»

ወደ ብሎኩ ሲመለሱ ግን ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር። ጋሽ ተክሌ በቅዳሴ መካከል ተመስጠው ወድቀዋል፤ መልካም መዓዛ የሸተታቸውም አሉ። ደረጃው ላይ ሰው እየተነሳ አሳለፋቸው። ጋሽ ተክሌ «ስኳር ነው» ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ዝም ማለት ውሸት አይደለም ብለው መልሰው ዘጉት።

ወይዘሮ አሰጋሽ በማግስቱ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ሀብተሚካኤልን አስጠሩ። መምሬ ጉልበታቸውን እያሹ ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ነገሩን ሁሉ ሰሙ።

«ብላ» አሉ በመጨረሻ።

«እስከ ዘጠኝ ላድርገው አባ?» አሉ ጋሽ ተክሌ።

«ጠዋት ብላ ነው የምልህ።»

«እስከ ስድስት ይሁንልኝ።»

«ገበያ መሰለህ እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ቀኖና ነው የምሰጥህ።»

ቀኖና ሲባል ጋሽ ተክሌ ቀና አሉ። የንስሐ ቅጣት አይፈሩም፤ እንዲያውም በጠናባቸው ቁጥር ደስ ይላቸዋል። «ይስጡኝ አባ። ስግደትም ይሁን፣ ምንም ይሁን እችላለሁ።»

«ቁርስ ነው። ሁዳዴው እስኪያልቅ በየጠዋቱ ከመድኃኒትህ ጋር ቁርስ ትበላለህ። ከጾም ምግብ አትወጣም፣ ግን ትበላለህ።»

«ይሄ ምኑ ቅጣት ሆነ?»

«ለሌላ ሰው ብሰጠው ቅጣት አይሆንም። ላንተ ነው።»

ጋሽ ተክሌ መቁጠሪያቸውን ትንሽ አገላበጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰው ካየኝስ?» አሉ።

መምሬ ለመሄድ ተነሡ። «እኔ ያሳሰበኝ ስኳርህ ነበር» አሉ፤ ከዚያ መስቀላቸውን አሳልመው ወጡ።

ችግሩ ቤታቸው ውስጥ መብላት አለመቻሉ ነበር፤ ጥፋቱም የራሳቸው ነው። በሁዳዴ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ የብሎኩ ሴቶችና ጡረተኞች ሳሎናቸው ተሰብስበው ዳዊት እንዲደግሙ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ወደ ቅዳሴ እስኪሄድ ከዚያ አይነሳም። ወጥ ቤቱ በሳሎኑ በኩል ነው። መኝታ ቤት ገብተው ሞከሩት፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ግን እንኳን ማኘክ ሐሳብም ያሳልፋል። የመጀመሪያው ቀን ደረቅ ዳቦ ቆርሰው ሲነክሱ፣ ከሳሎኑ የዳዊቱ ንባብ ቆመና እድላዊት፣ «እትዬ አሰጋሽ፣ አይጥ ገብቶባችኋል እንዴ?» ስትል ሰሟት።

በማግስቱ «ትንሽ እግሬን ላፍታታ» ብለው ወረዱ። ከብሎኩ ሥር የሀይረዲን ሱቅ አለ። ሀይረዲን የስልጤ ልጅ ነው፤ ብሎኩ ሰው ሳይገባበት ጀምሮ እዚያው አለ። ከባንኮኒው ጀርባ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የምስርና የክክ ጆንያ የተደረደረበት ጠባብ መጋዘን አለው።

«ሀይረዲን፣ አንድ ዳቦ ስጠኝ። ሻይም ካለ፣ ስኳር የሌለው።»

«ይኸው ዳቦው። ሻይ ግን፣ ጋሼ፣ ረመዳን ነውኮ። እኔ ጾመኛ ነኝ።»

«እኔም ጾመኛ ነኝ።»

ሁለቱም ዳቦውን አዩት።

ጋሽ ተክሌ ነገሩን አስረዱት። ሀይረዲን ሳይስቅ ሰማቸውና መጋረጃውን ገለጥ አደረገላቸው። ከበስተጀርባ ባለችው ምድጃ ሻይ አፈላ። የሚቀመጡበት ሲያጣ፣ የተጠቀለለ የመስገጃ ምንጣፉን ከጆንያው ላይ አንሥቶ ወደ አንድ ጥግ አቆመውና ጆንያውን ለቀቀላቸው።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። በየጠዋቱ የሁዳዴ ጾመኛው ይበላል፣ የረመዳን ጾመኛው ያስተናግዳል። ሀይረዲን አንድ ቀን ብቻ ነው ያማረረው።

«ጋሼ፣ እኔ ርሃቡ አይደለም የሚከብደኝ። የእርስዎ አኘካከክ ነው። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ቀስ ብለው ያኝኩ።»

«ደርቆ ነው እንጂ።»

«ነገ ለስላሳውን አስቀምጥልዎታለሁ።»

እድላዊት የጋሽ ተክሌ እግር ማፍታታት ከመጋረጃ ጀርባ መሆኑን ያየችው በአራተኛው ሳምንት ነው። ሳሙና ልትገዛ ወርዳ፣ መጋረጃው በነፋስ ሲገለጥ ከበስተኋላ በር ላይ አጎንብሰው አየቻቸው። የሀይረዲንን የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ይዘው እጃቸውን ይታጠባሉ። ቀጥሎ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ፊታቸውን አበሱ፣ የዳቦ ፍርፋሪ እንዳይቀር ጢማቸውን ደጋግመው በውኃ አሹ። ከጎናቸው የመስገጃ ምንጣፍ ቆሟል። ሀይረዲን ደግሞ በትሕትና ፎጣ ይዞ ይጠብቃቸዋል።

እድላዊት ሳሙናውን ሳትገዛ ተመለሰች። ሦስት ቀን በየጠዋቱ ወርዳ አየች፤ ሦስቱንም ቀን ያው ነው። ጋሽ ተክሌ በእርጅናቸው፣ ያውም በሁዳዴ፣ ሃይማኖታቸውን ሊለውጡ ነው! አለቀሰች፤ ለሁለት የማኅበር ሽማግሌዎች ነገረች፤ ሦስቱ ሆነው ነጠላቸውን አጣፍተው ማታ እነ ጋሽ ተክሌ ቤት ገቡ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጀመሩ። «ጋሽ ተክሌ፣ ሰው ነንና እንፈተናለን። ሀይረዲን ቤት በየጠዋቱ ምን እንደሚያደርጉ ታይቷል።»

ጋሽ ተክሌ መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በአንድ ዳቦ አለቀ። «ስንቱ ሰው አውቋል?» አሉ ቀስ ብለው።

«ገና እኛ ብቻ ነን» አለች እድላዊት እንባዋን እየጠረገች። «ጋሽዬ፣ ሀይረዲን መልካም ሰው ነው፣ እምነቱንም እናከብራለን። ግን እርስዎ ተጠምቀው፣ ቆርበው፣ እንዴት አሁን ይሰልማሉ?»

ጋሽ ተክሌ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የታየውን እፎይታ ሦስቱም በክፉ ተረጎሙት።

«እሱ ነው እንዴ?» አሉ።

«ከዚህ ሌላ ምን ሊኖር?»

ጋሽ ተክሌ ዝም አሉ። ወይዘሮ አሰጋሽ ባላቸውን ያውቋቸዋል፤ ዝምታው ውስጥ ምን እየተመዘነ እንደሆነ ገባቸው። ሰውየው ቁርስ በላ ከሚባል ሰለመ ቢባል ይሻለው እንደሆነ እያሰበ ነው።

«ኧረ የአምላክ ያለህ!» አሉ ወይዘሮ አሰጋሽ። «ቁርስ ነው የሚበላው! ስኳር አለበት፣ አባ አዘውታል፣ እዚያ ተደብቆ ዳቦ ይበላል! ተናገር እንጂ አንተ!»

ሦስቱም ወደ ጋሽ ተክሌ ዞሩ። እድላዊት በስስት ነው የምታያቸው።

«ሃይማኖቴን አልለወጥኩም» አሉ ጋሽ ተክሌ። «በመስቀሉ ስም እምላለሁ። ቁርሱን ግን…» መቁጠሪያቸውን አዩት። «አሰጋሽ መቼም ቀልድ ትወዳለች።»

እንግዶቹ ደስ ብሏቸው ሳቁ፤ ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። ወይዘሮ አሰጋሽ አልሳቁም። አንድ ቃል ሳይናገሩ ጫማቸውን አድርገው መምሬ ሀብተሚካኤል ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ አጭር መልእክት ይዘው ነበር።

«ዓርብ ጠዋት፣ ሴቶቹ ማዕዱን ሲያዘጋጁ፣ በጋራ ቤቱ ደጃፍ ሁሉም እያየ ትበላለህ። ተደብቀህ የበላኸው እንደ በላህ አልተቆጠረም ብለዋል።»

«ሌላ ምንም አላሉም?»

«ሚስትህን ቀልደኛ ስላልክ ይቅርታ ጠይቅ ብለዋል። እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

የደብረ ዘይት ሳምንት ዓርብ ጠዋት፣ ሴቶቹ ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀሙ፣ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። ጋሽ ተክሌ ትሪ ይዘው ወረዱ። ትሪው ላይ ዳቦ፣ ሻይና ለውዝ አለ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዳቦውን ቆርሰው በሉ። አኘኩት፣ ዋጡት። መድኃኒታቸውንም በሻይ አወራረዱ።

ምስር የሚለቅሙት እጆች ቆሙ።

«ቁርሴን እየበላሁ ነው» አሉ ጋሽ ተክሌ። ድምፃቸው እንደ ፈረቃ ኃላፊነት ዘመናቸው ከፍ ያለ ነበር። «ስኳር አለብኝ። ቅዳሴ ላይ የወደቅሁትም ስኳሬ ወርዶ ነው፤ ተመስጦ አይደለም። ሀይረዲን ቤት የምገባውም ለመብላት ነው። አሰጋሽ አልቀለደችም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ይኸው ነው።»

ብለው ጨረሱና የሚመጣውን ለመቀበል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለዓመታት የሠሩት ስም ሲፈርስ ድምፅ ያሰማል ብለው ነበር የጠበቁት። የሰሙት ግን የእድላዊትን ሲቃ ነው።

«ጋሽዬ…» አለች፤ ጎመኑ ከእጇ ወደቀ። «ውዳሴ ከንቱን ሽሽት ነው! ጾማቸውን ከሰው ዓይን ሊሰውሩ፣ የበሉ መስለው ሊናቁልን ነው!»

«አይደለም፣ በእውነት እየበላሁ…»

«እንዴት አልገባንም? መጋረጃ ጀርባ የሚገቡት ለብቻቸው ሊጸልዩ ነበር! እኔ ኃጢአተኛዋ ምን ጠረጠርኩ!»

«ልጄ፣ ይኸው እዪ!» ጋሽ ተክሌ አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። ግማሽ ለውዝ ምላሳቸው ላይ ነበር።

«አይውጡትም ማለት ነው» አለች አንዷ በሹክሹክታ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቶቹ ተራ በተራ እየመጡ ጉልበታቸውን ሳሙ።

ከሰዓት በኋላ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነገሩ ባሰ። ሰዉ በጋራ ቤቱ ተሰበሰበ፤ ማዕዱ ቀረበ። ጋሽ ተክሌ ሰዓቱን ሳያዩ ወዲያው ተነሡ። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሴ እንዳለቀ እንበላለን። ቤተ ክርስቲያን ያላለችውን እኔ ነኝ የጨመርኩባችሁ፤ ይቅር በሉኝ። ልባርክ።»

«ይቀመጡ ጋሼ» አሉ ከሁለቱ የማኅበር ሽማግሌዎች አንዱ። «ለእኛ አዝነው እንደሆነ አውቀናል። ግን እርስዎን አይተን እኛ ወደ ኋላ አንልም። እንዲያውም ዛሬ እስከ አሥራ ሁለት ይሁን።»

«ይሁን!» አለ ቤቱ፤ አንዳንዱ ትንሽ ቆይቶ ነው ያለው።

ስለዚህ ጋሽ ተክሌ ቁርሳቸውን በልተው፣ የተራበ ሕዝብ መካከል፣ አግዳሚው ራስ ላይ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። በዙሪያቸው ሆድ ሁሉ ይጮሃል፤ የእሳቸው ብቻ ዝም ብሏል። ዝምታውንም ሰው አስተውሎ እርስ በርሱ በዓይኑ ተጠቃቀሰ። ወይዘሮ አሰጋሽ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ ያለቀሱ የመሰለው ብዙ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተክሌ ለመምሬ ሀብተሚካኤል ሁሉን ነገሯቸው። መምሬ ሰምተው ጨረሱ።

«ጉልበትህን ሲስሙህ ደስ አለህ?»

«በመጀመሪያ ደነገጥኩ አባ።»

«ቀጥሎስ?»

ጋሽ ተክሌ መሬት መሬት አዩ። «ትንሽ ደስ አለኝ።»

«እኔ የማውቀው መድኃኒት እስከዚህ ነበር» አሉ መምሬ። «አንተ ቁርስህን ብላ። ሌላውን ለእግዚአብሔር እንተወው።»

ኢድ አልፎ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ጋሽ ተክሌ እንደ ወትሮው ወደ ሀይረዲን ሱቅ ወረዱ። አሁን የሚያስደብቅ ነገር አልነበራቸውም፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መብላት ይችሉ ነበር። ግን ደጃፉ ላይ ሲቀመጡ ሰው እየቆመ ይባረካል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ቀጥታ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ።

ሀይረዲን ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድቶ፣ ሁለት ዳቦ ቆርሶ ነበር። «ዛሬ አብረን ነን ጋሼ። ወር ሙሉ እርስዎን ሳይ ከርሜ፣ ዛሬ እኔም ላኝክብዎት።»

ጆንያ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጋሽ ተክሌ ዳቦውን ሊነክሱ ሲሉ ቆም አሉ።

«ሀይረዲን፣ አንተ እንኳ ታምነኛለህ?»

«ምኑን?»

«እንደምበላ።»

«ወላሂ ጋሼ፣ በዚያ በረመዳን ቀትር እንኳ ጆሮዬ ውስጥ ሲያኝኩ ነው የዋሉት። እኔ ካላመንኩ ማን ሊያምን ነው?»

ጋሽ ተክሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ። በዚያው ቅጽበት ከመጋረጃው ማዶ የእድላዊት ድምፅ ተሰማ፤ ሳሙና ለመግዛት የተሰለፉትን ሰዎች ዝም እያሰኘች ነው።

«ቀስ በሉ እስቲ፣ ጋሽዬ ጸሎት ላይ ናቸው።»

«ቁርስ ላይ ነኝ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ተክሌ፣ አፋቸው ዳቦ እንደ ሞላ።

ከዚያ ሰልፉ በሙሉ፣ በአንድ ድምፅ፣ «አሜን» አለ።